እንዳላማው ከግሩፑ ወጥቷል

እንዳላማው ከተቀበረ አርባ ቀን ቢያልፈውም ስልኩ አልሞተም። በየማለዳው ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሆኖ ይንጫጫል። አንዱ «እንዴት አደራችሁ ወገን» ይላል፤ አንዱ በጽጌረዳ የታጀበ ጥቅስ ይልካል፤ ሌላው ማዳበሪያ ገባ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሚስቱ ጥሩነሽ መጀመሪያ ሰሞን ያንን ድምፅ በሰማች ቁጥር ልቧ ስንጥቅ ይል ነበር። እየዋለ ሲያድር ድንጋጤው አለፈና ንዴት ተተካ። ሰውየው አፈር ለብሶ ተኝቷል፤ ዓለም ግን «እንዴት አደርክ» እያለችው ነው። አጥፍታው መገላገል ትችል ነበር፤ እጇ እምቢ አላት። እንዲያውም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ብድግ ብላ ቻርጀሩን ትሰካለች።

ጥሩነሽ ሮብ ገበያ በምትባል የገጠር ከተማ ሦስተኛ ክፍል የምታስተምር፣ ነገር የማታበዛ ሴት ናት። ባሏ እዚያው የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ሰው ወዳድ፣ ለጠራው ሁሉ አቤት ባይ። ስብሰባ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «ግሩፕ አለን፤ ላስገባህ?» ካለው እምቢ ማለት አያውቅም። እንዲህ እንዲህ እያለ አርባ ሦስት ግሩፕ ገባ። ከአንዱም ወጥቶ አያውቅም።

«ሰው ሲወጣ ስሙ ተጽፎ ይታያል እኮ» ይል ነበር። «የናቅኳቸው ይመስላቸዋል።»

ስልኩን ማንሳት የግድ የሆነው በልጃቸው በእየሩስ ምክንያት ነው። እየሩስ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ማርቆስ ከተማ፣ ከአክስቷ ልጅ ጋር ቤት ተከራይታ ነው፤ የምትመጣው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው፤ ስልክ ደግሞ የላትም። የአባቷ ለእሷ ይሁን ተባለ። ልጅቱ ነገሩን ቀላል አድርጋ አየችው።

«እማዬ፣ ያለውን ሁሉ ሙልጭ አድርጌ ላጥፋው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«ስልኩን ብታጠፊው እሱ እዚያው ይቀራል» አለች ጥሩነሽ። «ስሙ ከነፎቶው እዚያው ነው። በሕይወት ያለ እየመሰላቸው ሲጠሩት ሊኖሩ ነው። አይሆንም። አባትሽን ከየገባበት እኔ ራሴ አወጣዋለሁ።»

እየሩስ አንዴ አሳየቻት። የግሩፑን ስም ትነካለች፤ ከላይ ጥግ ላይ ሦስት ነጥብ አለች፤ እሷን ስትነካ ከታች በቀይ «ውጣ» የምትል ትመጣለች። ከዚያ ስልኩ ራሱ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ ይጠይቃል።

«አዎ ትዪዋለሽ፤ አለቀ» አለች እየሩስ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ፣ ጥሩነሽ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ጀመረች። ደጅ የእንዳላማው እናት እማሆይ ወለተ ኪዳን ፀሐይ እየሞቁ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። እንዳላማው አንድ ልጃቸው ነበር። ምንኩስና ከገቡ በኋላም ከእሱ ቤት አልወጡም፤ አሁን ደግሞ ደብረ ኤልያስ ካለችው ታናሽ እህታቸው በቀር መሄጃ የላቸውም።

የመጀመሪያዎቹ ቀላል ነበሩ። የጤፍና የስንዴ ዋጋ የሚነገርበት ሁለት ሺህ ሰው ያለበት ግሩፕ ነበር፤ ማን ገባ ማን ወጣ የሚል የለበትም። «እንግሊዝኛ በሠላሳ ቀን» የሚል ነበር፤ እንዳላማው አራተኛው ቀን ላይ ቆሟል። እዚያ ላይ ትንሽ ፈገግ አለች። የዘር አባዢ ገበሬዎች ግሩፕ ውስጥ ስትገባ ግን ፈገግታው ጠፋ። ባሏ ከሞተ ከስምንት ቀን በኋላ አንዱ «እንዳላማው ስንት ጊዜ ጠይቀነው መልስ አይሰጥም፤ ንቆናል» ብሎ ጽፏል። ሌላው ከሥሩ «ሰው ደመወዙ ሲያድግ እንዲህ ነው» ብሏል። ጥሩነሽ «እንዳላማው ኅዳር አሥራ አራት ቀን አርፏል። ባለቤቱ ነኝ።» ብላ ጻፈች። መልሳቸውን ማየት አልፈለገችም፤ ሦስቷን ነጥብ ነክታ ወጣች።

እንዲህ እያለች ወደ ማታ ተቃረበ። አርባ ሁለቱን ለቀቀች፤ አንዱ ቀረ። እሱን ሆን ብላ ነበር ወደ መጨረሻ ያቆየችው። «የ98 ወንድማማቾች» ይላል ስሙ። እንዳላማው ከእርሻ ኮሌጅ አብረውት የተመረቁ ስድሳ አንድ ሰዎች ያሉበት ነው። ከሁሉም እሱን ይወደው ነበር። የመሠረተው ደግሞ አንሙት ነው።

አንሙት ማለት ለዚያ ቤት ዘመድ ከሚባለው በላይ ነው። ኮሌጅ እያሉ እሱና እንዳላማው አንድ ክፍል ይተኛሉ። አንድ ቀን ደም ለጋሾች ተብሎ ተማሪው ሲሰለፍ ሁለቱም ሰጡ፤ ሁለቱም ኦ ኔጌቲቭ ሆነው ተገኙ። ከመቶ ሰው ሁለት ሦስት ላይ ብቻ የሚገኝ ደም ነው ሲባሉ እንደ ሹመት አዩት። ከዚያ ወዲህ «የደም ወንድሜ» ይባባላሉ። ሠርጋቸው ላይ አንሙት ሚዜ ሆኖ ተነስቶ «እኔና ሙሽራው አንዳችን ብንቆስል ሌላችን መድኃኒት ነን» ብሎ ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናውጦ ነበር። አሁን ማርቆስ ውስጥ የዘርና የፀረ ተባይ መድኃኒት ሱቅ አለው።

ያንን ቀን ጥሩነሽ ከነሰዓቱ ታስታውሰዋለች። እንዳላማው ጨጓራው ለዓመታት ያሰቃየው ሰው ነው፤ ኅዳር አሥራ አራት ንጋት ላይ ደም አስመለሰው። በኮንትራት መኪና ማርቆስ አደረሱት። ሐኪሙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነ አይተርፍም፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ደም ያስፈልገዋል አለ። የተገኘችውን አንዲት ከረጢት ሰጡት፤ ሁለት ጎደለ። የእሷ ተመርምሮ አልገጠመም። ከአልጋ አልጋ፣ ከአስታማሚ አስታማሚ እየዞረች ለመነች፤ የገጠመ አልተገኘም። አንሙት ጋ ሁለቴ ደወለች፤ መስመሩ አልገባ አለ። ያ ሰሞን ኔትወርክ እንደ ክረምት ፀሐይ ነበር፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

እንዳላማው ግን ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ «አትሩጪ፤ ለአንሙት ነግሬዋለሁ፤ ይመጣል» አላት።

ከዚያ በኋላ ዓይኑ ከበሩ አልተነቀለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላል። ነርሷ ትገባለች፤ ጽዳቷ ትገባለች፤ የሌላ በሽተኛ ጠያቂ ይገባል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ቀና ማለቱን ተወ።

አንሙት ለቅሶው ላይ መሬት ለመሬት ተንከባሎ ነው ያለቀሰው። «ኔትወርክ ጠፍቶ! መልእክቱን ማታ ነው ያየሁት! በእግሬ በሮጥኩ! ሙሉ ደሜን በቀዳሁለት!» እያለ ደረቱን ሲደቃ ለቀስተኛው እሱን ይዞ ሟቹን ረሳ። ጥሩነሽም አዘነችለት። ሰው ወንድሙን ማዳን እየቻለ ሳይሰማ መቅረቱ ከሞቱ የባሰ ነው ብላ፣ እሷ ናት «አይዞህ፤ የአንተ ጥፋት አይደለም» ያለችው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይመጣል። ለእማሆይ ስኳር ይዞ፣ ጧፍ ይዞ። እሳቸውም «ልጄ» ነው የሚሉት፤ ጉልበታቸው ላይ ራሱን አስደግፈው ይመርቁታል።

ጥሩነሽ የመጨረሻውን ግሩፕ ከመልቀቋ በፊት የባሏን የመጨረሻ ጽሑፍ ልይ አለች። የሐዘን መግለጫውን፣ የሻማውን ሥዕል፣ አንሙት የጻፈውን ረጅም የሕይወት ታሪክ እያለፈች ወደ ኋላ ሄደች። ኅዳር አሥራ አራት ላይ ደረሰች።

ከቀኑ አምስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ላይ እንዳላማው እንዲህ ብሏል፦ «ወንድሞቼ ታምሜ ሆስፒታል ነኝ ማርቆስ። ኦ ኔጌቲቭ ደም ቶሎ ያስፈልጋል ተብሏል። ቅርብ ያላችሁ ድረሱልኝ።»

ከሥሩ ሰው ተግተልትሏል። «እግዚአብሔር ይማርህ።» «አይዞህ ጀግናው።» የተገጣጠሙ እጆች ሥዕል። የተገጣጠሙ እጆች። «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ጠይቆ መልስ ሳይጠብቅ የጠፋም አለ። ጣቷን እየጎተተች ወረደች፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። አንሙት። «አይዞህ የደም ወንድሜ፣ አለሁልህ።»

አምስት ሰዓት ከአሥራ ሦስት። እንዳላማው። «አንሙቴ እጠብቅሃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከአንሙት ምንም የለም። ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ሰው የኳስ ውጤት ልኳል፤ ሌሎቹ ተከራክረውበታል። የአንሙት ስም ተመልሶ የሚታየው ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከጥቁር ሪባን ጋር ነው።

ጥሩነሽ ደግማ አነበበች። ሦስተኛ ጊዜም አነበበች። ደጅ እማሆይ ዳዊታቸውን ጨርሰው «ጥሩዬ፣ ብርድ መጣ፤ በይ አስገቢኝ» ሲሉ ሰማች። ተነስታ ደግፋ አስገባቻቸው። ፊቷን አይተው ምነው አሏት፤ «ዓይኔ ደክሞኝ ነው፤ ስልክ ሳይ ዋልኩ» አለቻቸው።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅዳ ከእየሩስ ጋር ማርቆስ ወረደች። ልጅቱን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝታ ባጃጅ ያዘችና ሆስፒታሉ በር ላይ ወረደች። እዚያ ሌላ ባጃጅ ጠርታ ሰዓቷን እያየች ወደ አንሙት ሱቅ ሄደች።

አንሙት ለአንድ ገበሬ የመድኃኒት መርጫ አፍንጫ እየገጠመ ነበር። ሲያያት ደስታው ፊቱን ሞላው።

«ጥሩዬ! ምነው ሳትደውዪ? እማሆይ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። ይመርቁሃል።»

ገበሬው እስኪወጣ ቆመች። አንሙት በርጩማ አቀረበላት፤ አልተቀመጠችም።

«አንሙት፣ እንዳላማው ያን ቀን የጻፈውን መቼ ነው ያየኸው?»

«ነገርኩሽ እኮ፤ ማታ ኔትወርክ ሲመለስ። ምነው ዛሬ ደግሞ ቁስሌን ትቀሰቅሺብኛለሽ?»

ስልኩን ባንኮኒው ላይ አድርጋ ወደ እሱ ገፋችው። አንሙት ጎንበስ ብሎ አየ። ለማንበብ ብዙ አልፈጀበትም፤ ቀና ለማለት ግን ብዙ ፈጀበት።

«ጭነት ይመጣልኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «መኪናው ደጅ ቆሞ፣ ጫኝና አውራጆቹ እየጮሁብኝ። አራግፌ እሄዳለሁ አልኩ። ደግሞ ሰዉ ሁሉ እየጻፈ ነበር። ስድሳ አንድ ሰው ነን ጥሩዬ! አንዱ ይደርስለታል ብዬ ነው። ሐኪም እጅ ነው ያለው፤ ምን ይሆናል ብዬ ነው።»

«ስድሳው ደግሞ አንሙት ይደርስለታል ብሎ ነበር። አለሁልህ ስትለው አይተውሃላ።»

አንሙት ስልኩን ወደ እሷ መልሶ ገፋው።

«ከሆስፒታሉ እዚህ በባጃጅ ስምንት ደቂቃ ነው» አለች። «አሁን ሰዓት ይዤ ነው የመጣሁት። ስንት ሰዓት አራግፈህ ጨረስክ?»

«እ . . . ሰባት ተኩል። ስምንት ቢሆን ነው።»

«እሱ እኮ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ነበር።»

አንሙት ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጫነ። «ምሳ አልበላሁም ነበር» አለ በመዳፉ ውስጥ። «በባዶ ሆድ ደም አይሰጥም ብዬ . . . ምሳ ልብላ ብዬ ገባሁ። ስበላ ሰው አገኘሁ። ጨዋታ ያዘኝ።»

ጥሩነሽ ከመምጣቷ በፊት ሌሊቱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር ያደረችው። ያዘጋጀችው ሁሉ ለጨካኝ ሰው የሚሆን ነበር። ምሳ ሲበላ ለዘገየ ሰው የሚሆን ቃል አላዘጋጀችም። ክፋት ቢሆን ትረግመው ነበር፤ ይሄ ግን ምን ተብሎ ይረገማል? ስልኩን አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

አንሙት ከባንኮኒው ወጥቶ በሩ ላይ ቀድሟት ቆመ። «ግደይኝ፤ ደስ ይለኛል። ለእማሆይ ግን እንዳትነግሪብኝ። ልጄ ነው የሚሉኝ።»

«አልነግራቸውም። ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። ልጃቸው በር በር ሲያይ መሞቱን እንዳይሰሙ ነው። አንተ ግን ሁለተኛ ቤቴ እንዳትመጣ።»

መናኸሪያ ደርሳ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጠች። ተሳፋሪ እስኪሞላ ገና ነበር። ስልኩን አወጣችና ግሩፑን ከፈተች። ልትጽፍ የምትችለው ብዙ ነበር። ሰዓቱን፣ ደቂቃውን፣ ጭነቱን፣ ምሳውን። ጽፋ አጠፋች፤ እንደገና ጽፋ አጠፋች። ስድሳው በሙሉ አንሙት ላይ ይረባረባል፤ እየተቀባበለ ያብጠለጥለዋል፤ ከዚያ እጁን አጥቦ ይተኛል። ያንን ዕረፍት ልትሰጣቸው አልፈለገችም። ኅዳር አሥራ አራት ላይ ያለውን የባሏን ጽሑፍ ነካችና መልስ አድርጋ ከሥሩ አንድ መስመር ጻፈች።

«ደሙ ከእንግዲህ አያስፈልግም። ሁላችሁንም ጠብቄያችሁ ነበር።»

በእሱ ስም፣ ከእሱ ፎቶ ጎን ወጣ። ሦስቷን ነጥብ ነካች፤ ቀዩን ነካች። «እርግጠኛ ነሽ?» ሲላት አዎ አለችው። እሷ ከወጣች በኋላ እዚያ ምን እንደተባለ አታውቅም። በሳምንቱ አንዱ ደውሎ «እህቴ፣ የእንዳላማው ስልክ የተሰረቀ ይመስለናል፤ የግሩፑን ልጆች ያስደነገጠ ነገር ተጽፎበታል» አላት። «አልተሰረቀም» ብላ ዘጋችው። ሌላ የደወለ የለም።

አንሙት ቃሏን አክብሮ ቀረ። መጀመሪያ እማሆይ አልጨነቃቸውም፤ ሥራ በዝቶበት ይሆናል አሉ። ጥምቀት አለፈ፤ ዐቢይ ጾም ገባ። ዓይናቸው ከአጥሩ በር አልነቀል አለ። ጥሩነሽ ከትምህርት ቤት በገባች ቁጥር «አንሙቴን አላየሽውም?» ይሏታል። እሷ ጭራሽ ያንን ጥያቄ እየፈራች ቤቷ መግባት አስጠላት።

ግንቦት ላይ የእንዳላማው መንፈቅ ደረሰ። በዋዜማው አንድ ሰው ቀንድ ያወጣ ሙክት እየጎተተ መጣ። «አንሙት ለዝክሩ ልኮ ነው» አለ። ጥሩነሽ ገመዱን አልተቀበለችም።

«ይዘኸው ተመለስ። ዝክሩ ሞልቷል።»

«እንዴ! አርባ ኪሎ ሜትር ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው የመጣሁበት . . .»

«ይዘኸው ተመለስ አልኩህ።»

እማሆይ ከመደባቸው ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። በግድግዳው እየተደገፉ ወጡ።

«ጥሩነሽ» አሉ፤ ጥሩዬ አላሏትም። «የልጄን ወዳጅ ከደጄ ያባረርሽው አንቺ ነሽ?»

«እማሆይ . . .»

«ምን አደረገሽ? ምን በደለሽ? ልጄን አፈር በላብኝ፤ እሱን ተክቶልኝ ነበር። እሱንም ነጠቅሽኝ?»

ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ስልኩ እየሩስ ጋ ባይሆን ኖሮ ምናልባት ያን ጊዜ ታሳያቸው ነበር። አሮጊቷ የመቋሚያቸውን ጫፍ መሬቱ ላይ እየወጉ፣ እንዳላማው የሆስፒታሉን በር ቀና ብሎ ያይበት በነበረው ዓይን ያዩዋታል።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። «ተቀያይመን ነው። ይቅር ይበሉኝ እማሆይ።»

«ከእሱ ጋር ሳትታረቂ እኔ ምን ይቅር እልሻለሁ?»

ዝክሩ ላይ ወሬው ከአፍ አፍ ዞረ። ባሏ በሞተ በስድስት ወሩ ወዳጅ ማሳደድ ጀመረች ተባለ። ሌላ ሰው አስባ ይሆናል፤ የሚያይባትን ዓይን ማራቋ ነው ያሉም አሉ። የዕድሩ ሴቶች ሳህን ሲያጥቡ እሷ ስትገባ ዝም ይላሉ።

እማሆይ ከዚያ በኋላ ከእጇ ውኃ እንኳ ሲቀበሉ እግዜር ይስጥሽ ብቻ ነበር የሚሏት። ሰኔ ሲገባ ደብረ ኤልያስ ያለችው ታናሽ እህቴ ጋ ሄጄ ልሙት አሉ። ጥሩነሽ ለመነች፤ እየሩስ አለቀሰች፤ አልሰሙም። ለሚወስዳቸው ሰው ራሳቸው አስደወሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ነጭ መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። አንሙት ወረደ። ከስቷል፤ ጢሙን አልተላጨም። እማሆይ ሲያዩት መቋሚያቸውን ጥለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ እሱ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ተንሰቀሰቀ። እሳቸው ናፍቆት መሰላቸው።

«አይዞህ ልጄ፤ የማርያም ልጅ አይለይህ። እንዳንተ ያለውን ወንድም ለሰው ሁሉ ይስጠው።»

አንሙት አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱን ተቀበለ። ጥሩነሽን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። እሷ ጓዛቸውን አምጥታ ከኋላ ጫነች፤ ዳዊታቸውን ከነማኅደሩ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፤ የኩታቸውን ጫፍ በሩ እንዳይዘው ሰብስባ አስገባችላቸው። እማሆይ ወደ ፊት ያያሉ።

«በሰላም ይግቡ፣ እማሆይ።»

«አንቺንም ልብ ይስጥሽ» አሉ ሳይዞሩ።

መኪናው ቁልቁለቱን ይዞ ሄደ። ጎረቤቷ አጥሯ ላይ ተደግፋ ሁሉንም ስታይ ቆይታ ነበር።

«እንዲህ ያለ ደግ ሰው!» አለች መኪናው የወረደበትን እያየች። «ለሟች ወዳጁ እናት እንዲህ የሚሆን ዛሬ ማን አለ?»

«ማንም የለም» አለች ጥሩነሽና ገባች።